ለኦይዲን የተተከለ መብራት

ሳማርካንድ ከተማ ላይ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሃምዳም መብራቶቹን በመዋኛ ገንዳው ውስጥ ገጥሞ ጨረሰ። ማብሪያ ማጥፊያውን ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ አድርግልኝ ያለችው የቤቱ እመቤት ሙሃባት ነበረች። መስማት የተሳናት ልጇ ኦይዲን ውሃ ውስጥ ከጠለቀች፣ እስከዚያ ቀን ድረስ እናትየዋ የምትጠራት ከነልብሷ ውሃው ውስጥ ገብታ ነበር። ሃምዳም ፈትሾ ደህና ነው ሲል ኦይዲን ዘላ ገባች።

«በይ ጥሪያት፣ እህቴ» አላት።

ሙሃባት ሁለት ጊዜ አብርታ አጠፋችው። ውሃው ቦግ እልም አለ። ኦይዲን ብቅ አለች። እናቷ በምልክት «ፕሎቩ ቀዘቀዘ፣ ነይ ብዪ!» አለቻት። ልጅቷ እናቷን አየት አድርጋ፣ አፍንጫዋን ይዛ ተመልሳ ጠለቀች።

ሃምዳም ክው አለ። «አልገባትም እንዴ?»

«ገብቷታል እንጂ!» ሙሃባት እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች ሳቀች። «አየህልኝ፣ ወንድሜ ሃምዳም? እንደ ጎረቤት ልጆች ሰምታ እንዳልሰማች ሆነችብኝ!»