እስኪጠግቡ

«ለታጣቂዎች ምግብ ሰጥተው ያውቃሉ?» አለ የቋሚ መኖሪያ ማመልከቻውን የሚመረምረው አሜሪካዊ። ዛልማይ ጥገኝነት ያገኘው ወንድሙን የገደሉትን እነዚያኑ ታጣቂዎች ሸሽቶ ነበር።

አስተርጓሚ ሆና አጠገቡ የተቀመጠችው ልጁ ፓልዋሻ በአፍጋኒስታን ቋንቋቸው በፓሽቶ፣ «አባዬ፣ አልሰጠሁም በል፤ በሞቴ! አሸባሪ ረድተሃል ብለው ይከለክሉሃል» አለችው።

«አንቺ የኔ ልጅ ነሽ? ጠመንጃም ይያዝ፣ ደጄን የረገጠ እንግዳ ጦሙን ሄዶ ያውቃል? የቤቴን ስም አታዋርጂ! እንዳልኩሽ ንገሪው!»

እንባዋን ዋጥ አድርጋ ነገረችው። ሰውየው ብዕሩን አነሳ። አሸባሪን መርዳት የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ ግብዣን ከግዳጅ አይለይም፤ አፈሙዝ ፊት የቀረበ ዳቦም እርዳታ ነው።

«ስንት ዳቦ?»

ዛልማይ በስስት የተጠረጠረ መሰለው። ጢሙን ዳበሰና ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«እስኪጠግቡ በይው።»