ሞሪን የማታስታውሰው ማክሰኞ

ዓይናዲስ በሩን ገፍታ ስትገባ ሴትዮዋ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ጭቃ የያዘ ድንጋይ በጥርስ ብሩሽ ትፈገፍጋለች። ፀጉሯ ጨርሶ ነጥቷል፤ ትከሻዋም ጎብጧል። ከፊቷ ለቆሙት ጎብኚዎች፣ ድንጋዩ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚታየው ፍጥረት ሰው ከመኖሩ በፊት እዚሁ ባሕር ውስጥ ይዋኝ እንደነበር ረጋ ብላ ታስረዳለች።

«እሷ ናት» አለች ዓይናዲስ።

«ሹር ነሽ፣ እማ?» አላት ልጇ ጊዲዮን። ለንደን ካለው ሰፈራቸው ከሃርልስደን እስከዚህ ባሕር ዳርቻ አራት ሰዓት ሙሉ እየነዳ ያመጣት እሱ ነው።

«በድምፅዋ ዐወቅኋት።»

ሙዚየሙ ከገደሉ ሥር ያለች ትንሽ ቤት ናት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ገደሉ እየተናደ ድንጋይ ይጥላል፤ ሰዉም ከአሸዋው ላይ እየለቀመ ምንነቱን ሊጠይቅ እዚህ ይመጣል። በበጎ ፈቃደኝነት የምትመልስላቸው ይህችው ሴትዮ፣ ሞሪን፣ ናት። ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ግን ለንደን ውስጥ አራሶችን ቤት ለቤት እየዞረች የምታይ ነርስ ነበረች።

ዓይናዲስ ጊዲዮንን የወለደችው ከካርቱም በመጣች በስድስተኛው ወር ነው። ባሏ ገና ሱዳን ነበር። የምታውቀው እንግሊዝኛ «የስ»ና «ታንክ ዩ» ብቻ። አንድ ማክሰኞ ሞሪን መጣችና ልጁ ሲጠባ ዝም ብላ ታየው ጀመር። ግንባሩን በመዳፏ ነካችው፤ አልቦታል። ከንፈሩን አየች፤ ጠቁሯል። ደብተሯን ዘጋችና እናትና ልጁን በገዛ መኪናዋ ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ልቡ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። ቀዶ ጥገና በተደረገለት ቀንም ከሥራዋ ቀርታ መጣች፤ በሩ እስኪከፈት ድረስ የዓይናዲስን እጅ ይዛ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቦታ ተዛወረች ተባለ። ዓይናዲስ ያኔ «ታንክ ዩ» ብላታለች። ግን ያንኑ ቃል ለአውቶቡስ ሾፌሩም ትለው ነበር።

ባለፈው ወር ሻንጣ ውስጥ ወረቀት ስትፈልግ የጊዲዮን የሕፃንነት የጤና ደብተር እጇ ገባ። ሽፋኑ ቀይ ነው። ውስጡ የሞሪን ስም ከነአባቷ ተጽፏል። ጊዲዮን ስሙን ጉግል ሲያደርገው የዚህ ሙዚየም በጎ ፈቃደኞች ፎቶግራፍ ወጣ።

ጎብኚዎቹ ዘወር ሲሉ ዓይናዲስ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። መኪና ውስጥ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ። ደብተሩን ገልጣ ከድንጋዮቹ መሃል አኖረችው።

«ይኼን የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለች። «ይኼ ደግሞ ልጁ ነው።»

ሞሪን እጇን ጠረግ አድርጋ ደብተሩን አነበበች። ቀና ብላ ጊዲዮንን አየችው፤ ከእሱም ወደ እናቱ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ጽሑፉ የእኔ ነው። አንቺን ግን አላስታውስሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ። ባስታውስሽ ደስ ባለኝ፤ ግን የገባሁበት ቤት ብዛቱ…»

ጊዲዮን እናቱን በዐይኑ ጫፍ አያት። መንገዱን ሙሉ የፈራው ይህንኑ ነበር። ለእናቱ የዕድሜ ልክ ነገር የሆነው ቀን ለሴትዮዋ ምንም እንዳይሆን።

ዓይናዲስ ግን ፊቷ በራ።

«ካላስታወሱኝ፣ ለሁሉም እንደዚያው ያደርጉ ነበር ማለት ነው» አለች። «እኔ ለእኛ ብቻ ነበር የሚመስለኝ።»

ይህን ብላ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። ሞሪን ደንግጣ ትከሻዋን ያዘቻት፤ አንዷ ስታቃና ሌላዋ ስትጎነብስ ተቃቅፈው ቀሩ። የሞሪን ጣቶች በዓይናዲስ ነጭ ሹራብ ላይ ጭቃ አተሙ። ሁለቱም አላዩትም።

«ያኔ ሐኪሞቹ ምን አሉሽ?» ብላ ጠየቀች ሞሪን፣ ዐይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። ድምፅዋ የነርስ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ይተርፋል አሉ። እንደ ሌሎች ልጆች መሮጥ ግን ይከብደው ይሆናል አሉኝ።»

«እና ይሮጣል?»

«እሑድ እሑድ ኳስ እጫወታለሁ» አለ ጊዲዮን፣ እንደ ማፈር ብሎ። «ጎበዝ እንኳን አይደለሁም።»

«ጉብዝናህን አይደለም የጠየቅኩህ» አለች ሞሪን። የጥርስ ብሩሹን ለባልደረባዋ ሰጥታ ኮቷን ከመስቀያው አወረደች። «ካላስቸገርኩህ፣ ማየት እፈልጋለሁ።»

ባሕሩ ሸሽቶ እርጥቡ አሸዋ ተዘርግቷል። ነፋሱ ይቀዘቅዛል። ጊዲዮን ጫማውንና ካልሲውን አውልቆ ለእናቱ ሰጣት፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ። ድንጋይ የሚለቅሙ ሰዎች ቀና ብለው አዩት። ለአፍታ ምን እንደሚያደርግ የጠፋው መሰለና መሮጥ ጀመረ።

መጀመሪያ ሶምሶማ ነበር። ከዚያ እግሩን ለቀቀው። ጥቋቁሮቹን አለቶች አልፎ ውሃውን እየረጨ ሄደ፤ ሄደ፤ ከሩቅ እሱነቱ እስኪያጠራጥር ድረስ። ዓይናዲስ ጫማዎቹን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በሌላ ክንዷ የሞሪንን ክንድ ይዛ ቆማለች።

ከገደሉ መታጠፊያ ላይ ዞሮ ወደ እነሱ መመለስ ጀመረ። ሞሪን መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ፈጠን ብላ ጠረገችና፣ ከሩጫው ምንም እንዳያመልጣት መልሳ አደረገችው።