የአንድ ቀን አክስት

«እትዬ፣ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ። አባቴ ከሰማ ይገድለኛል። አክስቷ ነኝ በይልኝ» ብላ ኤፍራታ ለመነቻት።

ጸጉር ሠሪዋ ሳቀች። ኤፍራታ ደንበኛዋ ናት፤ ጨዋታዋን ትወድላታለች። የራሷ ልጅ እዚያው ትምህርት ቤት ብትማርም፣ ሥራ እየያዛት አንድም የወላጆች ስብሰባ ሄዳ አታውቅም። ማን ያውቀኛል ብላ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለቻት።

ርዕሰ መምህሩ በቁጣ ነበር የጠበቋት። «ይቺ ልጅዎ ጓደኞቿን አስከትላ አንዷን ተማሪ ስታሰቃይ ከርማለች። ትናንት መጸዳጃ ቤት ቆልፈውባት ጸጉሯን በመቀስ ቆረጡት።»

«ጸጉር አይደል እንዴ? ይበቅላል!» ብላ ጸጉር ሠሪዋ ጮኸች። «እኔ ስንቱን ስቆርጥ እውላለሁ! የሴቶች ኩርፊያ ነው። ደግሞ ያቺም እንዲሁ አልተነካችም፤ የሆነ ነገር አድርጋ ነው። ሞልቃቃ!»

ኤፍራታ አንገቷን ደፍታ ሳቋን ዋጠች።

ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፈቱና «ነይ ግቢ፣ ልጄ» አሉ። ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ልጅ ተነስታ ገባች። ራሷን በሻሽ ጠምጥማለች።

ጸጉር ሠሪዋ ሻሹን አወቀችው፤ የራሷ ነው። ጠዋት ልጇ «ራሴን ብርድ መታኝ» ብላ ስትወስደው ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም ነበር።

«ያንቺስ ወላጅ የታሉ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ልጅቱ እናቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ሥራ ይዟት አልመጣችም።»