ዶክተሩ በጭንቅ ቀን የጠራው ስም

ዶክተር ኤልፒዲዮ ናርሲሳን በደላት... ያውም በፊርማና በማኅተም።

ናርሲሳ ፊሊፒንስ፣ ኢሎይሎ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ቀዶ ጥገና ክፍል፣ መሣሪያ አዘጋጅታ ለሐኪሙ የምታቀብል ሴት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!

የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የአንዲት ሴት ሆድ ተከፍቶ ሳለ፣ ዶክተሩ በጓንቱ መነጽሩን ገፋ አደረገ።

"ዶክተር፣ ጓንትዎ መነጽርዎን ነክቷል... ይቀይሩት።"

"ደግሞ አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ? መቀስ!"

አቀበለችው። ምን ታድርግ?

በሳምንቱ የሴትዮዋ ቁስል አመረቀዘ። ዶክተሩ ምን ብሎ ጻፈ መሰላችሁ?

"ናርሲሳ ያቀረበችው መሣሪያ ንጹሕ አልነበረም።"

አለቆቿ ደብዳቤውን ዘረጉላት። "ፈርሚ... አለዚያ በሩ ያው።"

ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ፈረመች።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሆስፒታል ሥራ ስትጠይቅ ደብዳቤው ቀድሟት ይደርሳል። እናም ሦስት ዓመት ሙሉ ከበደላት ሰው ክንድ ሥር ቆማ ቢላዋ አቀበለች።

እንባዋ ቢመጣ እንኳ አትጠርገውም... ጓንት ያጠለቀ እጅ ፊት አይነካማ! ጭምብሏ ውስጥ ገብቶ ከንፈሯ ላይ ጨው ጨው ይላል።

እኔ ብሆን በዚያው መቀስ... ተዉት፣ አታናግሩኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጁንሬ የሚባለው ነርስ ፓንሲት የሚሉትን ኑድል በሳህን ይዞ ገባ።

"አንተ! በተረኛ ቀን ፓንሲት? የበሽተኛው ሰልፍ እንደ ኑድሉ እንዲረዝምብን ነው?"

"ማናንግ ናርሲሳ፣ ታላቄ አይደለሽ? ርቦኝ ነው፣ አትርገሚኝ!"

ገና ሳይጎርስ በሩ ተበረገደ። ትርፍ አንጀቱ ሊፈነዳ የደረሰ ሰው...

ራሱ ዶክተር ኤልፒዲዮ!

ላብ አጥምቆታል። የዕለቱን መሣሪያ አቀባይ ቀና ብሎ አያትና ጮኸ፦

"እሷ አይደለችም! ናርሲሳን ጥሩልኝ! በዚህ ሆስፒታል ከእሷ እጅ የሚነጻ የለም!"

ማደንዘዣ ሰጪው ሰማ። ነርሶቹ ሰሙ። ጁንሬ ሳህኑን እንደያዘ ቀረ።

ለካ ያውቅ ኖሯል! ሦስት ዓመት ሙሉ ያውቅ ነበር...

ናርሲሳ ወደ መታጠቢያው ሄደች። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፣ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አየች፣ ለሌላው ሐኪም አቀበለች። ሰውየው ተረፈ።

በሦስተኛው ቀን አልጋው አጠገብ ስትቆም እጇን ለቀም አደረገ።

"ማናንግ ናርሲሳ... ምን ላድርግልሽ?"

ማናንግ! ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

ወዳጆቼ፣ ሰው ስለ እናንተ በልቡ ያለውን ማወቅ ከፈለጋችሁ የጻፈባችሁን አትዩ። ሲጨንቀው ማንን እንደሚጠራ እዩ። ስማችሁን ያጠፋውም ቢሆን ዋጋችሁን ያውቀዋል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ይቅር ትሉታላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።

እሷ ግን ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ደረቱ ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለችው፦

"ማክሰኞ ዕለት ሰው ሁሉ እየሰማ ያሉትን እዚህ ላይ ይጻፉልኝና ይፈርሙ፣ ዶክተር። ከዚያ እኔ ወደምፈልገው ሆስፒታል እሄዳለሁ... እርስዎም ሌላ የሚያምኑት እጅ ይፈልጉ።"