ናቅሁት

ሄሊኮፕተሩ የወደቀው ከወረታ ወዲያ፣ ለአጨዳ በደረሰ ሩዝ ውስጥ ነው። የግሪሳ ወፍ ለማጥፋት መድኃኒት ሲረጭ ነበር። አብራሪው ካፒቴን ባየህ ብቻውን ነበር፤ እዚያው ሞተ።

በሳምንቱ የሄሊኮፕተሩ ባለቤት ድርጅት የቴክኒክ ኃላፊ፣ ደረሰ የሚባል ሰው፣ ምርመራውን ሊመራ ከአዲስ አበባ መጣ። ወረታ ላይ ከመኪናው እንደወረደ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ጫማውን የነካውን ጭቃ በመሐረብ መጥረግ ነው። ለቃል መስጫ የሆቴል አዳራሽ ተከራየ። ምስክር የሆኑትን ገበሬዎች ከበሩ አጠገብ አስቀመጣቸው።

"ነፋሱ ሽታቸውን ይወስድልናል" አለው ለጸሐፊው፣ እየሰሙት።

የባየህ ሚስት እየሩስ ከፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ደረሰ ከስብርባሪው የወጣውን የድምፅ መቅጃ ከፈተ። መቅጃው የሚይዘው በአብራሪው ክፍል የተሰማውን ድምፅ ብቻ ነው።

ሐሙሲት ከተማ አጠገብ ሲደርስ የማስጠንቀቂያው ጩኸት ይጀምራል። ቀጥሎ ቅጂው ተቋርጧል፤ ደረሰ "ውሃ ገብቶበት ነው" ብሎ አለፈው። ከዚያ ጩኸቱ እንደገና ይመጣል። በጩኸቱ መሀል የባየህ ድምፅ ቀስ ብሎ ይሰማል፦ "እሺ። ናቅሁት።" ከሰባት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ነገር ያበቃል።

"ጩኸቱ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ" አለ ደረሰ። "ክንፉን የሚያሽከረክረው ማርሽ ዘይት አጥቷል ማለት ነው። መመሪያው አንድ ቃል ነው፤ ውረድ። ከሥሩ ፎገራን የሚያህል ሜዳ ተዘርግቶለታል፤ ዕውርም ያርፍበታል። ይህ ሰው ግን በገዛ አፉ ናቅሁት አለ። እንዲህ ያለው ሰው በቅሎም አይሰጠው።"

"ባየህ ማስጠንቀቂያ የሚንቅ ሰው አልነበረም" አለች እየሩስ።

"እመቤት፣ የማስጠንቀቂያው መብራት አንዴ እየበራ አንዴ እየጠፋ ዓይኑ ሥር ነበር። ጩኸቱም ጆሮው ላይ። እሱ ግን ወፍ ያባርራል። ስሙን ለአዲሶቹ አብራሪዎች የስንፍና ምሳሌ አድርገን እናስተምርበታለን።"

"ልጆቹም ይሰሙታል።"

"ይስሙት።"

ከገበሬዎቹ የመጨረሻው ማረው ነበር፤ የቁሐር ሚካኤል ሰው፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው። ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ።

"እኔ ያየሁት ወርዶ ነበር" አለ።

"መውረዱንማ አየነው፤ ስብርባሪውን ለቅመን።"

ጸሐፊው ሳቀ።

"መውደቁን አይዶል ጌታዬ። ከዚያ በፊት ነው። ከብት ከማሰማራበት ደረቅ መሬት ላይ አረፈ። ሞተሩን አጥፍቶ ወጣ።"

"ስንት መለኪያ ጠጥተህ ነበር?"

"ዓርብ ነበር፤ እህልም አልቀመስሁ።"

"ከዚያስ? ጠላ ጋበዝኸው?"

ማረው ስድቡን እንዳልሰማ አለፈው። "ስልክ ደወለ። ሞተሩ አደንቁሮት ነው መሰለኝ፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ለቀቀው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ። 'መብራቱ አንዴ ይበራል አንዴ ይጠፋል፣ ጩኸቱ ግን አላቆመም፤ መካኒክ ላኩልኝ' አለ። ከወዲያ ያለው ሰውዬ ሰደበው። ፈሪ አለው። 'መብራቱ ይዋሻል፤ ናቀውና ተነሣ፤ አለዚያ ነገ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል' አለው። ልጁ ሩዙን አየ፣ እኔን አየኝ። ከዚያ እሺ ብሎ ገባ።"

እየሩስ በሁለት እጇ የወንበሩን ጠርዝ ይዛለች።

"ይህን አትጻፍ" አለው ደረሰ ለጸሐፊው። "ባላገር ሁልጊዜ ተረት አያጣም። ቃል መስማቱ እዚህ ላይ አብቅቷል።" ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

እየሩስ ወንበሯን ወደ በሩ አዞረች።

"አባቴ፣ ያ ሰውዬ ማን ነበር?"

"ስሙን አላውቀውም ልጄ" አለ ማረው። "ድምፁን ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ስሰማው ዋልሁ።"