የዕለቱ የመጨረሻ ታካሚ

ልጅ ሳለ እናቱ ከግድግዳው ወዲያ ለጎረቤቷ፣ «የሚሰማኝ ባገኝ እኮ…» ስትል ሰምቷል፤ የቀረውን ረስቶታል። ያቺ ጎዶሎ ወሬ የሥነ ልቦና ባለሙያ አደረገችው። ሃያ ዓመት የሰው ብሶት በትዕግሥት አዳመጠ፤ ቤቱ ሲገባ ግን «ደክሞኛል፣ ነገ» ይላል።

ዛሬ የመጨረሻውን ካርድ አንሥቶ፣ «ወለተ ሐና፣ ግቢ እኅቴ» ብሎ ተጣራ። ቀና ሲል ልጁ ናት።

«ብሌን! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወረፋ ይዤ ነዋ፣ አባዬ። እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ። በክርስትና ስሜ የተመዘገብኩት ታውቀዋለህ ብዬ ነበር።»

የገዛ ልጅን ማከም በሙያው ክልክል ነው። «ባልደረባዬ ዶክተር ምንትዋብ እንድታይሽ ልንገራት?» አላት።

«እስክወጣ ትጠብቀኛለህ?»

ስልኩን አጥፍቶ የታካሚዎቹ አግዳሚ ላይ ሊጠብቃት ተስማማ።