ጣውላዋ

በወረዳችን በአፍ መፍቻ ቋንቋችን የሚያስተምር ትምህርት ቤት እንዲከፈት ያቀድኩት እኔ ነኝ። የምዝገባውን ደንብ ያወጣሁትም እኔው ነኝ፤ ወላጅ የሚያመለክተው በቋንቋችን ብቻ ነው፣ አስተርጓሚ የለም።

ሦስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ መምህር ውብሸት የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ቢሮዬ መጡ። ያኔ ክፍል ውስጥ በቋንቋችን ያወራ ልጅ አንገት ላይ ጣውላ ያንጠለጥሉ ነበር።

"በአማርኛ ብናገር ምን አለበት፣ ልጄ?"

"ደንብ ነው፣ ጋሼ።"

ሲንተባተቡ ላያቸው ጓጉቼ ነበር። አቀረቀሩ። ከዚያ በቋንቋችን፣ ልክ እንደ እናቴ አድርገው፣ "እባክሽ መዝግቢልኝ" አሉኝ።

ለካ የእኛው ሰው ናቸው!

ልጅቷን መዘገብኳት። ቀጥዬ መሳቢያዬን ከፍቼ ያኔ አንገቴ ላይ ያንጠለጠሏትን፣ ሠላሳ ዓመት ያስቀመጥኳትን ጣውላ አወጣሁ።

"በቋንቋችን አውርተዋል፣ ጋሼ። አንገትዎን ዝቅ ያድርጉ።"